ማፍላት የማያጠፋው፦ ፒፋስ በቤታችን ውሃ፣ በደማችንና በጂናችን

ይህን የምጽፈው በሚኒሶታ፣ በተለይ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ ባሉት ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖች ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ብታነቡት አይከፋም። ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ በየክሊኒኩ እየዞርኩ ማስተርጎም ነው። ሐኪም የሚለውን ሰምቼ፣ እናቶቻችን "ምን አለ?" ሲሉኝ በሚገባቸው አማርኛ መመለስ ለምጃለሁ። ውሃ የሚበክሉትን፣ ፒፋስ የሚባሉትን ኬሚካሎች ግን መጀመሪያ ማስረዳት የነበረብኝ ለራሴ እናት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሁለተኛዋን ልጄን የወለድኩ ሰሞን እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አጥሚቱም፣ ገንፎውም፣ አብሹም በቤታችን የቧንቧ ውሃ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ከከተማው ውሃ ክፍል ደብዳቤ መጣ። አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፒፋስ ከጤና መመሪያው በላይ ስለሆነ ጉድጓዶቹ ከአገልግሎት ወጥተዋል ይላል። ከሥሩ በናኖግራም (የግራም አንድ ቢሊዮንኛ) የተሞላ ሰንጠረዥ አለ።

"ምን ይላል?" አለች እማዬ።

"ውሃው ውስጥ ኬሚካል ተገኝቷል ነው የሚለው።"

"ታዲያ አፍልተን እንጠጣለን እንጂ! ምን ችግር አለው?"

አተት ገባ በተባለ ቁጥር ውሃ እያፈላች ያሳደገችን ሴት ናት። "አይ እማዬ፣ ይሄ በማፍላት አይሄድም። እንደውም ውሃው እየተነነ እሱ ይቀራል፤ ይበልጥ ይጠነክራል" አልኳት።

"በእሳት የማይሞት ደግሞ ምን ዓይነት ጉድ ነው?"

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ፒፋስ የአንድ ኬሚካል ስም ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች የጋራ ስም ነው። ሁሉም ካርቦንና ፍሎሪን ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ይህ ትስስር በኬሚስትሪ ውስጥ ካሉት ጠንካሮች አንዱ ነው። ሙቀት፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ባክቴሪያ በቀላሉ አይፈታውም። ፋብሪካዎች የወደዱትም ለዚህ ነው። የማይጣበቅ መጥበሻ፣ ቆሻሻ የማይዘው ምንጣፍ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የነዳጅ እሳት የሚያጠፋ አረፋ ተሠራበት። እኛ አካባቢ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚያመርተው ፋብሪካ ነበር። ዝቃጩ በየቦታው ተቀበረ፤ ቀስ እያለ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ወረደ። ግዛቲቱ በ2010 ከሰሰች፣ በ2018 በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩ ተዘጋ። ገንዘቡ በዋናነት ለንጹህ ውሃ ሥራ የተመደበ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የፋብሪካው ታሪክ አልነበረም። ጡቴ ላይ ያለችው ልጅ ነበረች።

ሌሎቹ ታዋቂ በካይ ኬሚካሎች፣ እነ ዳይኦክሲንና ፒሲቢ፣ ስብ ውስጥ ነው የሚከማቹት። ፒፋስ ለየት ይላል። ደም ውስጥ ካለ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ ጉበትና ኩላሊት ውስጥም ይቀመጣል። ኩላሊት አጣርቶ ሊያስወጣው ሲል መልሶ ይስበዋል። ለዚህ ነው ሰውነት ቶሎ የማይገላገለው። ፒፎአ የሚባለው ዓይነት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ፒፎስ ከዚያ ትንሽ ይረዝማል። ሌላው የነሱ ዘመድ ፒኤፍኤችኤክስኤስ ደግሞ ከአምስት ዓመትም ያልፋል። ይህም ምንጩ ከተቋረጠ ነው።

አሁን ወደ ጂኑ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነውና። "ጂን ይነካል" ሲባል የሰዉ ፊት ይለወጣል። ዘሬ ተበላሸ፣ አለቀልኝ፣ ልጆቼም አለቀላቸው የሚል ነው የሚመጣለት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ለእማዬ ያስረዳኋት በድጓ ነው፤ አጎቷ መሪጌታ ስለነበሩ ድጓ ሲገለጥ አይታ ነው ያደገችው። በድጓ ላይ ዋናው ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ በላይ ደግሞ በደቃቁ የተጻፈ ምልክት አለ፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያለ የሚሄደው። ፊደሉ ሳይነካ ምልክቱ ቢቀየር ዜማው ይቀየራል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። ዲኤንኤው ጽሑፉ ነው። በላዩ ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን የኬሚካል ምልክቶች አሉ፤ የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን የሚወስኑት እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው። ፒፋስ በዋናነት የሚታማው ጽሑፉን በመቅደድ ሳይሆን ምልክቱን በመቀያየር ነው።

እማዬ ትንሽ አሰብ አደረገችና "ታዲያ መሪጌታ ካለ ይታረማላ" አለች። ይህን እንኳ አልመለስኩላትም።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ የሚጨበጥ ነው። ፒፎአ ቅርጹ ሰውነታችን ከሚያውቀው የስብ አሲድ ጋር ይመሳሰላል። ጉበታችን ውስጥ የስብ አጠቃቀምን የሚመሩ ጂኖችን የሚቀሰቅስ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ፒፎአ ሄዶ እሱ ላይ ይለጠፋል። ተቀባዩም ስብ የመጣ መስሎት ጂኖቹን ያስነሳል። በአይጥ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል፤ በሰው ላይ ይለዝባል። በሰው ላይ ተደጋግሞ የተገኘው ግን ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ ነው። ጉበት፣ ስብ፣ ኮሌስትሮል፤ ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው።

በሰው ላይ ምን ታየ ለምትሉ፣ በስዊድን ሮነቢ የምትባል ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ ካለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ወደ ውሃው ገብቶ፣ በ2013 መጨረሻ ሲታወቅ ከከተማዋ ሲሶ የሚሆነው ቤት ይህንኑ ውሃ ይጠጣ ነበር። ተመራማሪዎች የዚያች ከተማ ሴቶችን ደም ሲያዩ አንዳንዶቹ የሜቲል ምልክቶች ፒፋሱ ከፍ ባለባቸውና ዝቅ ባለባቸው ሴቶች መካከል ተለያይተው ተገኙ። በአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይም ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፒፎአን ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ከመጀመሪያው ምድብ ሲጨምረው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው በተጋለጡ ሰዎች ላይ የታየው የጂን ምልክት ለውጥና የበሽታ መከላከያ መዳከም ነበር። ፒፎስን ደግሞ "ሊሆን ይችላል" ከሚለው ምድብ አስቀመጠው።

ግን ልብ በሉ። ምልክቱ ተለወጠ ማለት ታመምክ ማለት አይደለም። ሲጋራም፣ ረሀብም፣ ጭንቀትም፣ ዕድሜም ምልክቱን ይለውጣሉ። እንደኔ እንደኔ፣ ቤተሰብን የሚጠቅመው ስለ ሜቲል መጨነቅ ሳይሆን የሚገባውን መጠን መቀነስ ነው። መጠኑ እኛ እጅ ላይ ነው፤ ቢያንስ በከፊል።

የትኞቹ በሽታዎች? በዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አካባቢ፣ ውሃቸውን በፒፎአ በበከለ ፋብሪካ ላይ በቀረበ ክስ ስምምነት መሠረት ወደ 69 ሺህ ሰው በ2005 እና በ2006 ደም ሰጥቶ ነበር። ገለልተኛ የሳይንቲስቶች ቡድን ያንን አጥንቶ ፒፎአ ከስድስት ነገሮች ጋር "ሊያያዝ የሚችልበት ዕድል ያመዝናል" አለ። እነሱም ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ የታይሮይድ በሽታ፣ የአንጀት ቁስለት በሽታ፣ የኩላሊት ካንሰር፣ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርና በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ናቸው። በፋሮ ደሴቶች ደግሞ ፒፋሳቸው ከፍ ያለ ሕፃናት ከክትባት በኋላ የሚያፈሩት የመከላከያ መጠን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ክትባት አይሠራም ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም በሰዓቱ ማስከተብ ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን አጥብቄ የምለው፣ ከማኅበር ወንበር ላይ ተገልብጦ ሲወራ ስለሰማሁ ነው።

ወደ ጡቱ ልመለስ። ፒፋስ በእትብት ያልፋል፣ በጡት ወተትም ይወጣል። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ማጥባቴን ለማቆም አስቤ ነበር። የልጆች ሐኪሟን ጠየቅኳት። "የእናት ጡት የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል፤ ቀጥይ። ውሃሽን ግን ቀይሪ" አለችኝ። የግዛቲቱ ጤና መምሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። የዱቄት ወተት የምትሰጡ ደግሞ ዱቄቱን የምትበጠብጡበት ውሃ የተጣራ ይሁን። ሕፃን ለኪሎው ሲታይ ከአዋቂ እጅግ ብዙ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ቅድሚያ የሚገባው ለሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጣሪያ ሆነ። ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ "ሁሉን ያጣራል" ይላችኋል። አትመኑት። ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ የሚል ማረጋገጫና 53 ወይም 58 የሚል ቁጥር መኖሩን፣ ከሥሩም ፒፋስን ይቀንሳል ተብሎ መጻፉን ተመልከቱ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ከካርቦን የሚሠራ፣ ሌላው ውሃውን በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ገፍቶ የሚያሳልፍ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባል። እኛ ሪቨርስ ኦስሞሲሱን ከማድቤት መታጠቢያው ሥር አስገጠምን። ከዋናው ቧንቧ ጎን ቀጭን ቧንቧ ይወጣል፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሻይ፣ ለሊጥ የምንቀዳው ከዚያች ብቻ ነው። ውሃው ይንቀረፈፋል። እማዬ ድስት ይዛ ቆማ "ይሄ ቧንቧ ነው ወይስ የሽንብራ ማሳ ላይ የሚያካፋ ዝናብ?" እያለች ትማረር ነበር። በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ተከራይ ከሆናችሁ ማረጋገጫ ያለው የጆግ ማጣሪያም አለ። ዋናው ነገር የውስጡን ካርትሪጅ በጊዜው መቀየር ነው፤ ያረጀ ማጣሪያ ሥራውን ያቆማል። ለገላ መታጠብና ለልብስ ግን የቧንቧው ውሃ ይበቃል። ፒፋስ በቆዳ በኩል ብዙም አይገባም። ሻወር ላይ ማጣሪያ ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ በሰላም ሸኙት።

"ከተማው ንጹህ ነው ካለ ምን አደከመሽ?" ላላችሁኝም መልስ አለኝ። በ2016 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለፒፎአና ለፒፎስ ድምር ያወጣው ምክር በሊትር 70 ናኖግራም ነበር። በ2024 ያወጣው አስገዳጅ ገደብ ለእያንዳንዳቸው 4 ናኖግራም ነው። ውሃው ያው ነው፣ የተለወጠው እውቀቱ ነው። በየዓመቱ የከተማችሁ ውሃ ክፍል የጥራት ሪፖርት ያወጣል፤ ቁጥሩን ራሳችሁ ከ4 ጋር አስተያዩት። የግል ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ ሪፖርት የሚልክላችሁ የለም። ራሳችሁ ማስመርመር አለባችሁ። በምሥራቁ በኩል ከሆናችሁ ለግዛቲቱ ጤና መምሪያ ደውሉ፤ በነፃ የሚመረመርበት ሁኔታ አለ።

ምጣዱስ? ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚመጣልኝ ነው። ብዙዎቻችን ቤዝመንት ወይም ጋራዥ ውስጥ የምንጋግረው በማይጣበቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሽፋኑ ከፒፋስ ቤተሰብ ነው፤ ግን የደረቀ፣ የተጋገረ፣ በጣም ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ሰውነት እንደ ውሃው አያስገባውም። ያየሁት ሁሉ የሚያሳየው ከተበከለ ውሃ ወደ ሰውነት የሚገባው ፒፋስ ከምጣድ ከሚገባው እጅግ እንደሚበልጥ ነው። አደጋው ባዶውን እስኪጨስ ማጋል ነው። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል፤ ጭሱ የቤት ወፍ ይገድላል። ምጣዱን ለኩሳችሁ ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ፣ በብረት አትፈቅፍቁት፣ ከተላላጠ ተሰናበቱት። አሮጌውን ደግሞ በሻንጣ ጠቅልላችሁ ለአገር ቤት ዘመድ "ስጦታ" አታድርጉት። ሚኒሶታ ከጥር 2025 ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ማብሰያ ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሕጉ የወጣው እዚሁ ምሥራቁ በኩል ያደገች፣ ገና በ20 ዓመቷ በጉበት ካንሰር ያረፈች ወጣት ለሕግ አውጪዎች ከመሰከረች በኋላ ነው። እኔ ወደ ሸክላው ተመልሻለሁ። ከፒፋሱ ይልቅ ለእንጀራው ዓይን ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር።

በጾም ዓሣ የምትበሉና ራሳችሁ የምታጠምዱ፣ በአካባቢያችን ያሉ አንዳንድ ሐይቆች ላይ ዓሣ እንዳይበላ ወይም እንዲቀነስ የሚል ማሳሰቢያ አለ። መንጠቆ ከመጣላችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ።

አሁን የደም ምርመራ። ሁሉም ሰው ያስፈልገዋል አልልም። አሜሪካ ውስጥ የተመረመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ደሙ ውስጥ ጥቂት ፒፋስ አለ። ለብዙ ዓመት የተበከለ ውሃ የጠጣ፣ ፋብሪካ ውስጥ ወይም በእሳት አደጋ መከላከል የሠራ ሰው ግን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። እኔና ባለቤቴ ስንጠይቅ የቤተሰብ ሐኪማችን "ፒ ምን?" ነበር ያለን። ኢንሹራንሱም አልከፍልም አለ፤ ከኪሳችን ከፈልን። እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት አለፉ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንም በሚሊ ሊትር ደም ከ2 እስከ 20 ናኖግራም መካከል ነን፤ የሱ ከኔ ከፍ ይላል። አንድ ቤት፣ አንድ ውሃ ነው የጠጣነው። ምክንያቱ ሴት በወር አበባ፣ በወሊድና በማጥባት ጥቂት ጥቂት እያወጣች መሄዷ ነው። እሱ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም፤ እኔ ያወጣሁት ለማን እንደሄደ አውቃለሁና።

ያ ከ2 እስከ 20 የሚለው ከየት መጣ? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2022 ለሐኪሞች ካወጡት መመሪያ ነው። ከ2 በታች ከሆነ የተለየ ነገር አያስፈልግም። ከ2 እስከ 20 ከሆነ ኮሌስትሮል፣ ለነፍሰ ጡር የደም ግፊት፣ ለሴት የጡት ካንሰር ምርመራ ቅድሚያ ይሰጣቸው ይላል። ከ20 በላይ ከሆነ በዚህ ላይ ታይሮይድ፣ የኩላሊትና የዘር ፍሬ ካንሰር ምልክት፣ የአንጀት ቁስለት ምልክት ይታይ ነው የሚለው። የባለቤቴ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ተገኘ። ከፒፋሱ ነው ወይስ ከእማዬ ቅቤ? ማንም ሊለየው አይችልም። ሕክምናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን ተውነው።

የሚያወጣ መድኃኒት አለ ወይ ለምትሉ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮሶ፣ "ዲቶክስ" የሚባል ሻይ ተነግሮኛል። ጥቁር አዝሙድ ጥሩ ነገር ነው፤ ፒፋስን ግን አያወጣም። የተሞከረ ነገር ቢኖር ደም መስጠት ነው። በአውስትራሊያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ በተደረገና በ2022 በወጣ ጥናት፣ ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው ደም ወይም ፕላዝማ የሰጡት ፒፋሳቸው ቀንሷል፤ ፕላዝማው ይበልጣል። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ሮጦ ሄደ። ከአገር ቤት ገና መመለሱ ስለነበር በወባ ምክንያት ሦስት ወር ቆይተህ ና ተባለ።

ግን በጣም ያጽናናኝ የጎረቤቶቻችን ታሪክ ነው። ኦክዴል ከተማ በ2006 መጨረሻ ላይ ትልቅ የካርቦን ማጣሪያ ውሃው ላይ አስገባች። የጤና መምሪያው የአካባቢውን አዋቂዎች በ2008፣ ከዚያም በ2010 እና በ2014 ደማቸውን መረመረ። ፒፎአና ፒፎስ ከግማሽ በላይ ወርደው ተገኙ። ማጣሪያው ከገባ በኋላ ወደ ከተማዋ የገቡ ሰዎች ደግሞ ከሌላው አሜሪካዊ ብዙም አልተለዩም። ይህ ብቻ አይደለም። የልደት መዝገቡን ያጠኑ ተመራማሪዎች ከማጣሪያው በኋላ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ የሚወለዱና ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በከተማዋ እንደቀነሱ አሳይተዋል። "ቤቱን ሸጠን እንውጣ ወይ?" ብላችሁ የምትጠይቁኝ፣ እኔ ያልወጣሁት ይህን አይቼ ነው።

ክሊኒክ ስትሄዱ "የምጠጣው ውሃ ውስጥ ለዓመታት ፒፋስ ነበረ፤ የ2022ቱን የብሔራዊ አካዳሚዎች መመሪያ ተከትላችሁ ኮሌስትሮሌን እዩልኝ" በሉ። ኮሌስትሮሉን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል፤ የፒፋሱን ደም ምርመራ ግን አስቀድማችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ለአዋላጇ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ንገሯት፣ ግፊታችሁን ትከታተላለች። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። ልጃችሁን ትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ።